አኩራፊው ዱንጋርና የሙሽርነት ሳጥኑ

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት…»

ይሄ ምን ዓይነት መልስ ነው? እራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት!

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። ሙና፣ አንቺ ለምን አልመለስሽም? ፊትሽን ወደ ግድግዳ ያዞርሽው ግድግዳው ተረት ያወራልኛል ብለሽ ነው? ግድ የለም፣ እህትሽን አኩርፊያት። ጆሮሽ ግን ከማንም አልተጣላምና እሱ ይስማ።

ይህ ተረት ከሩቅ የመጣ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ድሬዳዋ ጎረቤታችን ህንዳዊ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ያወሩልኝ ሚስታቸው ናቸው። እሳቸው በአጭሩ ነበር የጨረሱት። እኔ ትንሽ አስረዝሜዋለሁ። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ።

በድሮ ዘመን፣ በህንድ አገር፣ በአንድ ወንዝ ዳር መንደር፣ ዱንጋር የሚባል ገበሬ ነበር። ዱንጋር ጎበዝ አራሽ ነበር። አይሰርቅም፣ አይዋሽም። አንድ ጠባይ ብቻ ነበረው፤ ያኮርፋል። ምስሩ ቢቀዘቅዝ ያኮርፋል። ቢሞቅም ያኮርፋል። ዝናቡ የጎረቤቱን ማሳ አስቀድሞ ቢያረጥብ ከሰማዩ ጋር ይኳረፋል። አንድ ጊዜማ ከበሬው ጋር ተኳርፎ ሦስት ቀን ሳያናግረው ከረመ። በሬው ግን ይህን አላወቀም።

ከሁሉ የባሰው ኩርፊያ ከታናሽ ወንድሙ ከሞቲ ጋር ነበር። አባታቸው ሊሞት ሲል ሁለቱን ጠራና፦ «ልጆቼ፣ ያለኝን ሁሉ እኩል ተካፈሉ» አለ። ከዚያም ሞተ። እነሱም አለቀሱና ተካፈሉ። ማሳውን በገመድ ለክተው ለሁለት ቆረጡት። አንድ በሬ ለዚህ፣ አንድ በሬ ለዚያ። ቤቱንም በመሃል በግድግዳ ከፈሉት። በመጨረሻ አንድ ሙቀጫ ከነዘነዘናው ቀረ።

ዱንጋር፦ «ታላቅ እኔ ነኝ፤ ሁለቱም ለእኔ ነው» አለ።

ሞቲ፦ «ጋሼ፣ አባባ እኩል ነው ያለው» አለ።

ዱንጋር ተቆጣና ዘነዘናውን ይዞ ሄደ። ሞቲም ተቆጣና ሙቀጫውን እያንከባለለ ወሰደ። እስቲ ፍረዱኝ! ሙቀጫ የሌለው ዘነዘና ምንድን ነው? ዱላ ነው። ዘነዘና የሌለው ሙቀጫስ? የማይመች በርጩማ ነው። ሁለት ጢም ያወጡ ወንዶች አንዱ ዱላ፣ አንዱ በርጩማ ይዘው ተኳረፉ።

ዱንጋርም፦ «ከእንግዲህ የዚያን ሰው ስም በአፌ ብጠራ ምላሴ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ሞቲን ማንሳት ሲኖርበት «ያኛው» ይላል። «የያኛው ላም ገባችብን» ይላል። መንገድ ላይ ሲተላለፉ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞራል። ዘነዘናውንም ያኛው እንዳይሰርቀው ሲተኛ ከራስጌው ያስቀምጠዋል። እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት ቆዩ መሰላችሁ? አሥራ አንድ ዓመት!

አሁን ደግሞ በዓላቸውን ልንገራችሁ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ብርዱ ወጥቶ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ፣ ጨረቃዋም ስትሞላ፣ ሆሊ የሚባል በዓል አላቸው። ሁለት ቀን ነው። በዋዜማው ማታ ልክ እንደኛ ደመራ እንጨት ከምረው ያቃጥላሉ። በማግስቱ ደግሞ ቀለም ነው። እሳት የመሰለ ቀይ አበባ ቀቅለው ውሃውን ብርቱካንማ ያደርጉታል። እርድ ይወቅጣሉ። ከዚያም ከጠዋት እስከ ቀትር ያገኙትን ሰው ሁሉ ይቀባሉ፣ ይረጫሉ። ሽማግሌ የለ፣ አማት የለ። ቀቢው፦ «አትቀየም፣ ሆሊ ነው!» ይላል። የተቀባውም መቆጣት አይችልም። ቀቢውን አቅፎ ይስመዋል። ጠብ ከነበራቸው እዚያው ላይ ይቀራል። ቀትር ሲሆን ሁሉም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ በዓሉም ያበቃል።

እንግዲህ ለአኩራፊ ሰው ከዚህ የከፋ በዓል አለ? ሞቲ በየዓመቱ ማለዳ ብርቱካንማ ውሃ በማሰሮ ሞልቶ ወንድሙን ፍለጋ ይወጣል። ዱንጋር ደግሞ በየዓመቱ ይደበቃል። አንድ ዓመት ዛፍ ላይ ወጣ፤ ንብ ነደፈው። አንድ ዓመት ድርቆሽ ውስጥ ተቀበረ፤ ላም ጆሮውን ላሰችው። አንድ ዓመት ወንዝ ውስጥ እስከ አንገቱ ቆመና ጉንፋን ይዞት እስከ መኸር አስነጠሰው። ግን አልተቀባም! ነጭ ጥምጣም ነበረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብታ ቀለም አልነካትም። እሷን በራሱ ላይ ጠምጥሞ በመንደሩ መሃል አንገቱን አቅንቶ ይሄድ ነበር።

ሚስቱ ጎምቲ ሰልችቷታል። በዚያ ዓመት ዋዜማው ሲደርስ ያዘችው።

ጎምቲ፦ «አንተ ሰውዬ፣ አምላካችን ክሪሽና እንኳ ልጅ ሳለ ‹እኔ ለምን ጠቆርኩ፣ ጓደኛዬ ራዳ ለምን ቀላች› ብሎ አኩርፎ ነበር። እናቱ ‹ሂድና ፊቷን የወደድከውን ቀለም ቀባት፣ ያን ጊዜ ልዩነታችሁ አይታወቅም› አለችው። ሄደና ቀባት፤ እሷም ቀባችው፤ ተሳሳቁ። ይኸው የቀለሙ ነገር ከዚያ መጣ ይባላል። አምላክ ያኮረፈው ኩርፊያ በአንድ ቀን አለፈ። አንተ ማን ነህና ነው?» አለችው።

ዱንጋር አሰበና፦ «ክሪሽና ሙቀጫ አልተወሰደበትም!» አለ።

ጎምቲ እንስራዋን አነሳችና ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ዱንጋርም ብቻውን ሲቀር ብልሃት አሰበ። ‹ያኛው ሁልጊዜ የሚፈልገኝ ጠዋት ነው። እኔ ከዋዜማው ጀምሬ ብደበቅ ማን ያገኘኛል?› አለ። ከበሩ አጠገብ፣ ከበረቱ ጥግ፣ የጎምቲ የሙሽርነት ሳጥን ነበር። ስትዳር ልብሷን ይዛበት የመጣች ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። ምስጥ በልቶታል፣ ጎኑም ተበሳስቷል። ዱንጋር ሁለት ቂጣ ያዘ። ዘነዘናውን ያዘ፣ መቼም ያለ እሱ አይተኛም። ከዚያም ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተጋደመና ክዳኑን በላዩ ዘጋ። የጥምጣሙ ጫፍ ግን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ቀርታ ነበር። እሱ ይህን አላየም።

ጎምቲ ከውሃ ተመለሰች። ኮቴዋ ሳጥኑ አጠገብ ቆመ። ትንሽ ቆየ። ከዚያም ሄደ። ዱንጋርም በልቡ፦ ‹አላወቀችም!› ብሎ ደስ አለው።

ልብ በሉ እንግዲህ። በዋዜማው የመንደሩ ወንዶች እየዘፈኑ በየደጁ እንጨት ይሰበስባሉ። የተሰበረ አልጋ፣ የወላለቀ በር፣ የጋሪ እግር፣ ያገኙትን ነው። አንድ ሕግ አላቸው፤ ክምሩ ላይ አንዴ የተጫነ ነገር አይወርድም። የእሳቱ ሆነ ማለት ነው። አንድ ዓመት አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተሳስተው ክምሩ ላይ ቢያስደግፉ መልሱልኝ ማለት አልቻሉም። እያነከሱ ቤታቸው ገቡ።

ዱንጋርም የመጀመሪያዋን ቂጣ ሳይጨርስ ዘፈኑ ደጁ ደረሰ። ከዘፈኑ መካከል አንድ የሚያውቀው ድምፅ ሰማ። ያኛው ነው! በዚያ ዓመት እሳቱን የመለኮስ ተራ የሞቲ ነበርና ሰዎቹን የሚመራው እሱ ነው።

ሞቲ፦ «እትዬ ጎምቲ፣ የሚቃጠል ነገር ይኖርሻል?» አለ።

ጎምቲ፦ «ያንን ሳጥን ውሰዱት። ምስጥ ጨርሶታል» አለች።

ዱንጋር ቂጣውን ማኘክ አቆመ። አራት ሰዎች መጡና ሳጥኑን ጨበጡ። ሲያነሱት መቀርቀሪያው ራሱ ተንሸራተተና ከውጭ ቀጭ አለ።

ሞቲ፦ «ኧረ ይከብዳል! ውስጡ ምን አለ?» አለ።

ጎምቲ፦ «ባለቤቴ ኩርፊያውን የሚያስቀምጥበት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ስለሆነ ይከብዳል» አለች።

ሰዎቹ ሳቁ። ሞቲም ሳቀ። ዱንጋር መጮህ የነበረበት ያን ጊዜ ነበር። ግን ምን አደረገ? አኮረፈ! ‹በገዛ ቤቴ በር ላይ፣ በያኛው ፊት፣ መሳቂያ አደረገችኝ። አልናገርም!› አለና አፉን ዘጋ። ደግሞስ ቢናገር መንደርተኛው ሁሉ ሳጥን ውስጥ ሊያየው አይደል? ዝም እንዳለ ተሸከሙት። ‹የሆነ ቦታ ይጥሉኛል፣ ሲሄዱ እወጣለሁ› ብሎ አሰበ።

አወዛወዙት፣ ወዘወዙት፣ ከዚያም ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አወጡት። ከበሮው ይደልቃል። ሳጥኑ ቁጭ አለ። ቀጥሎም የሃይማኖት አዋቂያቸው፣ ፓንዲት የሚሉት ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና በየዓመቱ የሚያወራውን ማውራት ጀመረ።

ፓንዲቱ፦ «አንድ ንጉሥ ነበር። ‹ከእኔ በቀር አምላክ የለም› አለ። የገዛ ልጁ ግን ቪሽኑን ያመልክ ነበር። ንጉሡ ልጁን ከገደል አስወረወረው፤ አልሞተም። በዝሆን አስረገጠው፤ አልሞተም። ንጉሡ ሆሊካ የምትባል እህት ነበረችው፤ እሷም እሳት የማይበላው ኩታ ነበራት። ኩታዋን ለበሰችና ሕፃኑን አቅፋ እሳት ውስጥ ተቀመጠች፣ እሱ እንዲቃጠል፣ እሷ እንድትድን። ነፋስ መጣ። ኩታውን ከእሷ ገፈፈና ለልጁ አለበሰው። ልጁ በሰላም ወጣ። ሆሊካ በክፋቷ ተቃጠለች። ይህ እሳት የዚያ መታሰቢያ ነው። ጨረቃ ስትወጣ ይለኮሳል» አለ።

ዱንጋር በምስጡ ቀዳዳ ወደ ውጭ ተመለከተ። ከበታቹ የተሰበረ አልጋ አየ። ከአልጋው በታች ጭድ አየ። ከጭዱ ዙሪያ ሕዝብ አየ። ያን ጊዜ የት እንዳለ ገባው፤ ክምሩ ጫፍ ላይ ነው! ክዳኑን በጉልበቱ ገፋ፤ ተቀርቅሯል። ዘነዘናው ከጀርባው ስር ነው፤ ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ክንዱን እንኳ ማንሳት አይችልም። እሳት የማይበላው ኩታ የለው! አንድ ቂጣ ብቻ ነው የቀረው።

ጮኸ። አንጥረኛውን በስሙ ጠራ። ሸክላ ሠሪውን ጠራ። የሚስቱን ወንድም ጠራ። ከበሮው ያን ያህል ሲደልቅ ማን ይስማው! ወደ ክምሩ የሚጠጋው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ችቦ የያዘው። ችቦ የያዘው ክምሩን ሰባት ጊዜ ዞሮ ከዚያ ይለኩሳል፣ ልማዱ ነው። ችቦውን የያዘውም ያኛው ነው።

ዱንጋርም ስሙን ላለመጥራት ምሏልና፦ «አንተ!» አለ። ሞቲ አለፈ። ሲዞር ጠብቆ፦ «አንተ ሰውዬ!» አለ። አለፈ። በሦስተኛው ዙር ከበሮ መቺዎቹ ትንሽ ሲተነፍሱ፦ «አንተ ችቦ የያዝከው!» ብሎ በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

ሞቲ ደርቆ ቀረ። ወደ ክምሩ ቀና አለና፦ «ማነሽ? ሆሊካ ነሽ?» አለ።

ዱንጋር ጆሮውን ማመን አቃተው። ‹ማነሽ? ሴት አደረገኝ?› አለ። በእናንተ ሞት፣ እሳት ሊለኮስበት ሲል አኮረፈ! በኩርፊያ ሆኖ አንድ ሙሉ ዙር አሳለፈ። ሞቲም ሆሊካ ተናገረች ብሎ ስለደነገጠ፦ «ከበሮውን በደንብ ምቱ!» አለ። ከበሮው ከበፊቱ እጥፍ ሆነ።

አምስተኛው ዙር ላይ ዱንጋር በቀዳዳዋ አጮልቆ ሲያይ የሞቲን እግር አየ። በግራ እግሩ ላይ ጠባሳ አለ። ዱንጋር ያን ጠባሳ ያውቀዋል። ልጆች ሳሉ ሞቲ ማጭድ ረግጦ ነበር። ዱንጋር የራሱን ጥምጣም ፈትቶ እግሩን አስሮለት፣ አዝሎት እስከ ቤት ድረስ ሮጧል። መንገዱን ሁሉ ሞቲ በጀርባው ላይ ሆኖ «ጋሼ አይዞህ፣ አላመመኝም» ይለው ነበር፤ የሚያለቅሰው ዱንጋር ነበርና።

ስድስተኛው ዙር ላይ ጨረቃ ብቅ አለች። የሞቲን ራስ አየ። ሸብቷል። ዱንጋር፦ ‹መቼ ሸበተ?› አለ። አሥራ አንድ ዓመት ፊቱን ወደ አጥር ሲያዞር፣ ትንሹ ወንድሙ አርጅቷል። ይህን ሲያይ ሆዱ ባባ። እሳቱን እስከ መርሳት ድረስ ነው የባባው።

ሰባተኛው ዙር። ሞቲ ቆመ። ችቦውን ዝቅ አደረገ።

ዱንጋርም፦ «ሞቲ!» አለ። «ሞቲዬ! ወንድሜ! እኔ ነኝ!»

ሞቲ ያንን ድምፅ አወቀው። በዚያ ድምፅ ስሙ ሲጠራ ከሰማ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ችቦው ከእጁ አምልጦ ወደቀ። የት ወደቀ? ጭዱ ላይ! ቦግ አለ።

ሞቲ፦ «ጋሼ!» ብሎ እሳቱን ዘሎ ክምሩ ላይ ወጣ። አልጋው ተንኮታኮተ፣ የጋሪው እግር ተንከባለለ፣ እሱ ግን ወጣ። መቀርቀሪያውን ገንጥሎ፣ ወንድሙን በብብቱ ይዞ ጎትቶ አወረደው። በስተታች ደግሞ ጎምቲ ቆማ ነበር። እንስራዋን እንደያዘች ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሿ አድርጋ ደፋችውና እሳቱ ጭስ ሆኖ ቀረ።

ከበሮው ቆመ። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዱንጋር በአንድ እጁ ዘነዘና፣ በአንድ እጁ ቂጣ ይዞ መሃል ላይ ቆመ።

ፓንዲቱ ጢሙን አሻሸና፦ «አስቸጋሪ ነገር ነው። የተጫነ አይወርድም። ይህ ሰውዬ ተጭኗል» አለ።

ጎምቲ፦ «አባቴ፣ የሚጫነው እንጨት ነው። ባሌ እንጨት ነው?» አለች።

ከሕዝቡ መካከል አንዱ፦ «አሥራ አንድ ዓመት እንጨት ነበር!» አለ። ሳቁ መንደሩን አናጋው። ዱንጋር ሊያኮርፍ አሰበ። ግን ዘነዘናና ቂጣ ይዞ ማኩረፍ አልተመቸውም።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። ምርኩዛቸውን ያጡት ሽማግሌ በተለይ በጣም ተከራከሩ፦ «የእኔ ምርኩዝ ካልወረደ ይህ ለምን ይወርዳል?» አሉ። በመጨረሻ ፓንዲቱ፦ «በእሱ ፋንታ የሚወደውን ነገር ለእሳቱ ይስጥ» ብሎ ፈረደ።

ሞቲ፦ «ሙቀጫዬን እኔ አመጣለሁ» አለ።

ዱንጋርም፦ «የለም፣ ዘነዘናዬ ይቃጠል!» ብሎ አነሳው።

ያን ጊዜ ጎምቲና የሞቲ ሚስት ቻምፓ በአንድ አፍ፦ «እንዳትነኩ!» ብለው ጮኹ።

ቻምፓ፦ «በምን ልንወቅጥ ነው? እናንተ እርሻ ስትወርዱ እኛ በየቀኑ ሙቀጫውን ከዚህ፣ ዘነዘናውን ከዚያ አምጥተን አብረን ነው የምንወቅጠው። አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ሙቀጫ የወጣ ስትበሉ ነው የኖራችሁት!» አለች።

ሁለቱ ወንድማማቾች መሬት መሬት አዩ። ዱንጋር ዘነዘናውን ቀስ ብሎ ለቻምፓ ሰጣት። ከዚያም እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። ያችን ነጭ ጥምጣም፣ ጠብታ ያልነካትን፣ ፈታት። ረጅም ነበረች። ክምሩ ላይ አኖራት። መላጣው በጨረቃዋ አበራ።

እሳቱን ለኮሱ። አዲሱን እሸት ገብስ በነበልባሉ ጠበሱና ተቃመሱ። ከፍሙም ለየምድጃቸው ይዘው ሄዱ። ዱንጋር ግን ሞቲን ሊያቅፈው ቢፈልግ የለም። በዚያ ግርግር ሹልክ ብሎ ጠፍቷል።

ጎምቲ፦ «ጠዋት ይመጣል። መቼ ቀርቶ ያውቃል?» አለችው።

በማግስቱ ዱንጋር ከሁሉ ቀድሞ ተነሳና ራሱን ገልጦ ደጁ ላይ ተቀመጠ። ሰዎች አዩት፤ ዓይናቸውን አላመኑም። ቀለም ይዘው ወረዱበት።

ዱንጋር፦ «ጉንጬን ቀቡ፣ ደረቴን ቀቡ። ግንባሬንና መላጣዬን አትንኩ፤ የተያዘ ነው» አለ።

ጉንጩ ቢጫ ሆነ፣ ጢሙ አረንጓዴ ሆነ። ጎምቲ ሳምቡሳ የመሰለውን የበዓሉን ጣፋጭ እየጠበሰች ታወጣለች። ሞቲ አልመጣም። ፀሐይ ወጣች፣ ከፍ አለች። ሞቲ አልመጣም። ዱንጋርም በልቡ፦ ‹ተቀይሞኝ ይሆን? መቀየምስ አይገባውም?› አለ። ቀትር ከሆነ ሰዉ ይታጠባል፣ በዓሉ ያልፋል፣ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ሞቲ ደግሞ ሸብቷል። ዱንጋር ሊያኮርፍ አሰበ፤ ጊዜ አልነበረውም። የቀለሙን ማሰሮ ይዞ ተነሳና በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሙን ደጅ ረገጠ።

ቻምፓ ግቢ ውስጥ እርድ ትወቅጣለች። ዱንጋርን ስታይ ብድግ አለች። በአገጯ ብቻ ወደ ጎተራው አመለከተችው። ዱንጋር የጎተራውን አፍ ገለጥ አድርጎ ሲያይ፣ ሞቲ ስንዴው ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

ዱንጋር፦ «ምን ትሠራለህ?» አለ።

ሞቲ፦ «ተደብቄ ነው» አለ።

ዱንጋር፦ «ከማን?»

ሞቲ፦ «ካንተ። ጋሼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ማሰሮ ይዤ ስፈልግህና ስትጠፋብኝ፣ ባዶዬን እየተመለስኩ በልቤ ‹ምነው እሳት በበላው› እል ነበር። ትናንት ስሜን ስትጠራ ችቦው በእጄ ነበር። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረኝ። በየትኛው ዓይኔ ልይህ?» አለና አለቀሰ።

ዱንጋር መቆጣት እንጂ ማባበል አያውቅበትም ነበር። ማሰሮውን አስቀመጠና፦ «ጠጋ በል» አለ። ጎተራው ውስጥ ገባና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በስንዴ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ቁጭ አሉ።

ዱንጋር፦ «እኔም ያልኩህን ብትሰማ አታለቅስም፣ ትሸሻለህ» አለ። ሞቲ በለቅሶው መሃል ሳቀ። ዱንጋርም፦ «ሞቲ» አለ። ደስ ስላለው ደገመው፦ «ሞቲ። ሞቲ። ይኸው ምላሴ አልተቆረጠም» አለ።

ገና ሊተቃቀፉ ሲሉ ከላይ ብርቱካንማ ውሃ ጎርፎ ወረደባቸው። ቀና ሲሉ ጎምቲና ቻምፓ ባዶ ማሰሮ ይዘው ቆመዋል።

ሁለቱም፦ «አትቀየሙ፣ ሆሊ ነው!» አሉ።

ወንድማማቾቹ ከጎተራው ወጡ። ከራስ እስከ እግራቸው ብርቱካን ሆነዋል፣ ስንዴም ተለጥፎባቸዋል። ወደ ወንዝ የሚወርዱት ሰዎች የትኛው ታላቅ፣ የትኛው ታናሽ እንደሆነ መለየት አቃታቸው።

አንዲት አሮጊት፦ «አኩራፊው የቱ ነው?» አሉ።

ጎምቲ፦ «ዛሬ የለም፣ ወጥቷል» አለች።

ማታ ዱንጋር ሚስቱን፦ «ትናንት እንስራ ሙሉ ውሃ ይዘሽ እሳቱ አጠገብ ምን ትሠሪ ነበር?» አላት።

ጎምቲ፦ «ጠምቶኝ ነበር» አለች።

ምን ትሉኛላችሁ? ታውቅ ነበር ወይ? የጥምጣሙን ጫፍ ያየች ሴት ታውቅ ነበር ወይ ብላችሁ እኔን ትጠይቁኛላችሁ? ዱንጋርም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ይልቅስ መጥረቢያውን አንስቶ ጥሩ እንጨት ቆረጠና በተቃጠለባት ፋንታ አዲስ የሙሽርነት ሳጥን ሠራላት። አበባ ቀረጸበት፣ አሳመረው። ቁመቱ ግን አንድ ክንድ ብቻ ነበር።

ጎምቲ፦ «ለምን አሳነስከው?» አለችው።

ዱንጋር፦ «ሰው እንዳይገባበት» አለ።

አለቀ! ሙና፣ ስትስቂ ትከሻሽን አይቼዋለሁ፤ ወደዚህ ዙሪ። ተረቴን ወሰዳችሁ፣ ነገ ማታ መልሱልኝ። አፌን ደግሞ ዛሬውኑ አብሱልኝ፤ ዳቦ በቃኝ፣ ከመሶቡ አጠገብ ሐልዋ አለ። ሙና ታምጣው። መጀመሪያ ለእህቷ ታጉርስ፣ ከዚያ ለእኔ።